መርዶው እስኪነገር

ስማዳ ውስጥ ምንጭ በምንገነባበት ቀበሌ ኔትወርክ የሚገኘው አንዲት ጉብታ ላይ ብቻ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሥራ እንወጣና እኔ ወደዚያች ጉብታ እወጣለሁ፤ ሲሚንቶ ለሚያመጣልን ሾፌር እደውላለሁ፣ ያመለጡኝን ጥሪዎች አያለሁ። አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደጋግሞ ተደውሎ አገኘሁ። መልሼ ስደውል ሸምገል ያሉ ሰው አነሡ።

"ልጃችን አጠገብህ አለ?"

"የለም። ብቻዬን ነኝ።"

"አጎቱ ነኝ። አባቱ ዐረፈ።"

ልጃችን ያሉት ከሁለቱ ግንበኞቼ አንዱን፣ የእስቴውን ነው። ሌላ ቃል ስላልመጣልኝ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልሁ።

"እንዳትነግረው። ዘመድ ሳይከበው ሜዳ ላይ ቢሰማ ምን ይሆናል? አሞታልም እንዳትለው፤ አሞታል ካልኸው ያውቀዋል። በሥራ አሳበህ ላክልን። ወገዳ ላይ የሚቀበለው ሰው እናቆማለን።"

"እሺ።"

"ለባልደረባውም እንዳትተነፍስ። ነገርነው እስክልህ ድረስ ለማንም።"

"ለማንም" አልሁ።

ከጉብታው ስወርድ ያሰብሁት ስለ ሟቹ አልነበረም፤ ስለ ግድግዳው ነበር። ከገደሉ ሥር የሚፈልቀው ውሃ በቱቦ ወርዶ የሚጠራቀምበትን ቤት እየገነባን ነው። ቱቦው ተቀብሯል። የቀረው የማጠራቀሚያው የድንጋይ ግድግዳና ክዳኑ፣ ሶሌታው ነው። ሶሌታ በአንድ ቀን ስለሚሞላ አሸዋ የሚያቀርብ፣ የሚያቦካ፣ የሚያቀባብል ብዙ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው በደቦ የሚመጣው የቀበሌው ገበሬ ነው። ገበሬው ደግሞ ገብሱን መዝራት ከጀመረ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ከማሳው አይወጣም። ክዳን ሳይደፋበት ክረምት ከገባ፣ ከላይ ካለው እርሻ የሚወርደው ጎርፍ ማጠራቀሚያውን በደለል ይሞላዋል፤ ሴቶቹም ለከርሞ ያንኑ ወንዝ ይወርዳሉ። ስለዚህ ግድግዳው ከዘር በፊት ማለቅ አለበት። ግንቦት ተጋምሷል። ኃላፊው እኔ ነኝ። ይህን ሙያ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርሁትም። ጋይንት ውስጥ ለግንበኞች ድንጋይ ሳቀብል ፕላን ማንበብ ጀመርሁ፤ የቀረውን ከስልኬ ለቃቀምሁት። እንዲህ ያለ ሥራ በኃላፊነት ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጠዋት የእስቴውን ድንጋይ ሲመርጥ አገኘሁት።

"ሲሚንቶው ሊያልቅ ነው" አልሁት። "እስኪመጣ አንድ ሰው ይበቃል። አንተ ቤትህ ደርሰህ ና።"

ዞሮ ክምሩን አየ። ከላስቲኩ ሥር ያለው ለሁለት ሰው እንደሚበቃ እሱም እኔም እናውቃለን።

"ሥራዬ ላይ ያየኸው ነገር አለ?"

"የለም።"

"ካለ ንገረኝ። አልቀየምም።"

"ምንም የለም። ደርሰህ ና።"

መዶሻውን በአሸዋ አሽቶ ጠረገና ከግድግዳው ላይ አስቀመጠው። ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ወገዳ በሚወስደው ዳገት ወጣ። ባልደረባው፣ ሽማግሌው ግንበኛ፣ ጀርባው እስኪጠፋ ድረስ ቆመው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን አጠፋ?"

"ምንም አላጠፋም፣ ጋሼ።"

"ምንም ያላጠፋ ሰው ነው የሚባረረው?"

ዝም ማለት ለእኔ ተፈጥሮዬ ስለሆነ ሰው አይገርመውም፤ ያን ቀን ግን አፌን በእጄ እንደ መያዝ ሆነብኝ። የሥራ አመራር ከሚያስተምሩት ቪዲዮዎች አንዱ፣ ሰው ከቡድን ሲወጣ ምክንያቱን ቶሎና በግልጽ ለቀሪዎቹ ንገር ይላል። ልክ ነው። ግን ያን ያለው ሰው መርዶ የሚደበቅበትን አገር አያውቅም።

በዕለቱ ጉብታው ላይ ወጥቼ ምትክ ፈለግሁ። ንፋስ መውጫ አንድ ጎበዝ ወጣት ግንበኛ አውቅ ነበር። ሥራ ፈትቶ ስለ ነበር "ነገ እመጣለሁ" አለኝ፤ መጣም። የመጣው ደግሞ ሲሚንቶ በጫነው አይሱዙ ላይ፣ ከረጢቶቹ ላይ ተቀምጦ ነው። ሲሚንቶ ሊያልቅ ነው ብዬ አንዱን በሰደድሁ ማግስት ሲሚንቶውም ምትኩም በአንድ መኪና ሲወርዱ ሽማግሌው አዩ። እንኳን ሊቀበሉት፣ ሰላምታውንም በአገጫቸው ነው የመለሱት።

የድንጋይ ግድግዳ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከውጭ አንዱ ከውስጥ ፊት ለፊት ቆመው፣ እያንዳንዱ የራሱን ፊት በሲባጎ እየጠበቀ እኩል ያነሣሉ። ሁለቱ ፊቶች እንዳይለያዩ በየመሐሉ ከወዲህ ወዲያ የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ይገባል። ረጅሙን የሚያስገባው አስቀድሞ ይጠራል፤ ማዶ ያለው ቦታ ይለቅለታል። ሽማግሌውና የእስቴው አብረው ብዙ ስለ ሠሩ ጥሪያቸው አጭር ነበር። ሽማግሌው ረጅም ድንጋይ ሲያነሡ "እህ" ይላሉ፤ የእስቴው ቀና ሳይል ቦታ ይለቃል። እኔ ያንን "እህ" የድካም ድምፅ ይመስለኝ ነበር።

አዲሱን በእስቴው ቦታ፣ ከውስጥ አቆምሁት። እጁ የተባረከ ነው፤ ድንጋዩን አንዴ አይቶ የትኛው ጎኑ እንደሚቀመጥ ያውቃል። ሽማግሌው ግን "እህ" ማለት ተዉ። ረጅሙን ድንጋይ በዝምታ ያነሣሉ፣ ማዶ ቦታው ተይዞ ያገኙታል፣ በዝምታ ይመልሱና በምትኩ ሁለት አጫጭር ያስቀምጣሉ። ግድግዳው ከውጭ ያምራል፣ ከውስጥም ያምራል፤ በመሐሉ ግን የሚያያይዘው የለም። በሦስተኛው ቀን ቀጥ ማለቱን ለማየት ቱንቢ ስጥል ክሩ ከመሐል ግድግዳው ላይ ተኛ። ሆድ አውጥቷል። አሸዋ ይዞ የመጣ አንድ ገበሬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው።

"ኢንጂነር፣ ይቺ ስንት ወሯ ነው?"

ሌላው "ለሰኔ ሳትገላገል አትቀርም!" አለ። ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርሁ።

የላይኞቹን ረድፎች አስፈረስሁ። አዲሱ አቧራውን ከሱሪው እያራገፈ ወደ እኔ መጣ።

"ስማኝ ወንድሜ፣ እኔ ፕሮብሌም የለብኝም። ግን ከዲዳ ጋር ግንብ አይሠራም። ወይ እሳቸው ይናገሩ፣ ወይ እኔ ነገ መኪና ካለ እሄዳለሁ።"

ወደ ሽማግሌው ሄድሁ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆሎ እየቆረጠሙ ነበር።

"ጋሼ፣ ለዚህ ልጅ ድምፅ ይስጡት። ግድግዳው ካላለቀ ሰዎቹ ወደ ዘር መግባታቸው ነው።"

"ያኛው ምን እንዳጠፋ ንገረኝና እኔም ድምፅ እሰጠዋለሁ።"

"አሁን ልነግርዎት አልችልም።"

"አትችልም?"

"ቃል አለብኝ።"

ቆሏቸውን አቁመው ፊቴን ትኩር ብለው አዩት። አንድ ነገር የተጠራጠሩ መሰለኝ፤ ግን አልጠየቁም። እኔም ተጨማሪ ቃል ብናገር ሁሉም ይወጣል ብዬ ፈርቼ ተነሣሁ። በዚያች ሰዓት ብነግራቸው ኖሮ ግድግዳው ከሰዓት በኋላ ይስተካከል ነበር። ይህን አውቃለሁ። የእስቴው ግን ገና መንገድ ላይ ይሁን፣ ወይስ ዘመድ ቤት ተቀምጦ የሩቆቹ እስኪሰበሰቡ ይቆይ፣ አላውቅም። ከዚህ ቀበሌ ወደ ወገዳ ገበያ የማይወጣ ሰው የለም። ወሬ ከእኔ ግድግዳ ይልቅ ፈጣን ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጉብታው ላይ ስልኩ ጠራ። አጎቱ ናቸው።

"ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ነገርነው። እግዜር ይስጥህ። ይቅርታ በልልኝ ብሏል፤ አንተን መንገዱን ሁሉ ሲረግምህ ነበር የመጣው።"

ወርጄ ለሽማግሌው ነገርኋቸው። ከእጃቸው ውሃ ያለበት ጣሳ ነበር፤ ቀስ አድርገው መሬት ላይ አኖሩት። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። አዲሱ ባርኔጣውን አውልቆ ራቅ ብሎ ቆመ።

"አውቀው ነበር አባቱን" አሉ። "ጥምቀት አብሬያቸው በልቻለሁ።" ከዚያ፣ "ነገ እሄዳለሁ። ለቅሶ ሳልደርስ ምን ሰው ነኝ?"

እንዳይሄዱ ልለምናቸው ነበር። ሁለቱም ከሄዱ የሚቀረኝ አንድ ግንበኛ፣ ያውም ሊሄድ ያኮረፈ ነው። ግን የአንዱን ሐዘን ስጠብቅ ከርሜ የሌላውን ለቅሶ ልከለክል አልችልም። "ይሂዱ" አልሁ።

ጠዋት ለመንገድ ተዘጋጅተው መጡና አዲሱን ጠሩት።

"አንተ የንፋስ መውጫው። ውጭ ትሠራለህ ወይስ ውስጥ?"

"እኔ ሁልጊዜ ከውጭ ነኝ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርህም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ሽማግሌው እኔን አዩኝ። የሄደው ሰው ቦታ ውስጥ ስለ ነበር ምትኩንም እዚያው አቁሜው ነበር፤ ጎደለ የተባለውን እንጂ የመጣውን አልጠየቅሁም። አዲሱን ወደ ራሳቸው ቦታ፣ ወደ ውጭ አሻገሩት። ከዚያ የእስቴውን መዶሻ አንሥተው በእጄ አኖሩት።

"አንተ ውስጥ ግባ። የሚጠራህን እየሰማህ ቦታ ልቀቅ፤ ሌላ ጥበብ የለውም። ውስጡ ሰው አያየውም።"

ዳገቱን ወጡ። እኔና አዲሱ ተያየን።

"'እህ' ልበልህ?" አለኝ።

"የፈለግኸውን በል። ብቻ በል።"

"ዝለቅ!" እያለ ይጠራኝ ጀመር። መጀመሪያ በጠራ ቁጥር እበረግግ ነበር፤ ቦታ ስለቅ እዘገያለሁ፣ ድንጋይ ይዞ ቆሞ ይሰድበኛል። "ኧረ ይቺ ድንጋይ በእጄ አረጀች!" ቀስ በቀስ ግን ከመጥራቱ በፊት ትከሻው ሲነሣ ማየት ጀመርሁ። ቱንቢውን በየረድፉ ጣልሁ። ክሩ ድንጋዩን ሳይነካ እየተንጠለጠለ ወረደ። ከማዶ ያሉት ገበሬዎች ዘራቸውን እያበጠሩ ወደ ሰማይ ማየት ጀምረው ነበር።

ሽማግሌው ሲመለሱ ብቻቸውን አልነበሩም። የእስቴው ጥቁር ለብሶ፣ ራሱን ተላጭቶ አብሯቸው መጣ። ገና ከቤቱ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። አቀፈኝ። ግድግዳው በልኩ ቆሟል፣ ለሶሌታው መደገፊያ እንጨቱ እየቆመ ነው። ሽማግሌው ለመግቢያ በተተወው ክፍተት አጎንብሰው ገብተው የውስጡን ፊት በመዳፋቸው ዳበሱት።

"ይህን አንተ ነህ የሠራኸው?"

"እኔ ነኝ።"

"ያስታውቃል።"

አዲሱ ከውጭ ሲስቅ ተሰማኝ። ሽማግሌው ወጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

"ለእኔ ግን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? የምናገር መሰለህ?"

"ገበያ ሲወጡ ከሱ ጋር ቢገናኙስ?"

አሰቡ። "አቅፌው አለቅስ ነበር" አሉ።

ሶሌታው ከዘር በፊት በነበረው የመጨረሻ ደቦ ተሞላ። ያን ቀን ሽማግሌው ከላይ ቆመው "እህ" እያሉ ሲያዙ ሰው ሁሉ ሲገባው አየሁ። የእስቴው የት እንደሚቆም አልጠየቀኝም፤ በውስጥ በኩል እኔን፣ በውጭ በኩል አዲሱን አገኘና ከቅብብሉ መሐል ገባ። ክዳኑ ሲደርቅ መዶሻውን መለስሁለት። ወስዶ ከዕቃው ከተተውና ልስን የሚለስንበትን መሣሪያ አንሥቶ ወደ ማጠራቀሚያው ወረደ። እኔ በመብራት ከላይ ሆኜ አበራሁለት። ወጣ ገባ ያሉትን የእኔን ድንጋዮች፣ አንድ በአንድ፣ እሱ ለሰናቸው።