ቨርና ሪሳክ «ሆዱ ሳይከፈት አልገዛም» አለች

ቨርና ሪሳክ በካናዳ የሳስካችዋን ስንዴ ገበሬዎች ማኅበርን ቃለ ጉባኤ ሠላሳ አንድ ዓመት በእጇ ጽፋለች። አዲሱ ሊቀ መንበር፣ ዴል ፉርኒየር የሚሉት ለፍላፊ፣ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ «ከመስከረም ጀምሮ ቃለ ጉባኤ በኮምፒውተር ነው፤ የማይችል ጸሐፊነቱን ይልቀቅ» ብሎ አወጀ። ሥልጣኔ አሮጊት ማባረር የሚመስላቸው አይጠፉም።

«አልለቅም!» አለች ቨርና። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ የኮምፒውተር ማብሪያው የት እንዳለ እንኳ አታውቅም።

ጎረቤቷ ክሊፎርድ፣ ጡረታ የወጣ የስልክ መስመር ሠራተኛ፣ ከተማ ወዳለው ትልቅ የኮምፒውተር መደብር ይዟት ሄደ። ክራባት ያነቀው ሻጭ ቁጥር በቁጥር ላይ ከመረ። አስጨረሰችውና፣

«በል ክፈተው» አለችው።

«ምኑን?»

«ሆዱን ነዋ! እኛ ዘንድ ትራክተር ሽፋኑ ሳይነሣ አይገዛም።»

«ዘይቱን ልትለኪለት ነው?» ክሊፎርድ በሳቅ ፈረሰ።

«አንተ ዝም በል!»

«እማማ፣ ማሸጊያው ከተቀደደ ዋስትናው ይሰረዛል» አለ ሻጩ።

«እማማህ ቤትህ ናት። በስብሰባዬ ዋዜማ ቢበላሽ ማን ይመጣል?»

«ይደውሉና ወረፋ ይጠብቃሉ።»

«ስብሰባውስ ወረፋ ይጠብቅልኛል?»

መኪናው ውስጥ ክሊፎርድ ጉሮሮውን ጠረገ። «የእኔም ከዚሁ ነው የተገዛው። ለጥገና ከተላከ ሁለት ወሩ።»

«ታዲያ ምን ልሁን ብለህ አመጣኸኝ?»

«ርካሽ ነው ብዬ።»

«ለዚህ ነዋ የረከሰው!»

ከመኖ መደብሩ ጀርባ ኦርቪል የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ ኮምፒውተር ይገጣጥማል። ዋጋው ከከተማው መደብር በመቶ አርባ ዶላር ይበልጣል። ሳትጠይቀው በመፍቻ ከፈተላት። አንገቷን አስገባች።

«ይኼስ?»

«ማራገቢያ። እንዳይግል።»

«እንደ ራዲያተር በለኛ! ቢበላሽብኝስ?»

«ከቤቴ ቤትሽ አራት ደቂቃ ነው። ክሊፎርድ ከነዳ አሥር።»

ገዛች። ነሐሴን ሙሉ ቁልፎቹን በሁለት ጣት ስትቆረቁር ከረመች፤ ሁለቴ ደወለች፣ ሁለቴም ኦርቪል መጣ።

በጥቅምት ስብሰባ የመስከረሙን ቃለ ጉባኤ በኮምፒውተር ጽፋ፣ አትማ አደለች። ዴል የመጀመሪያውን መስመር አነበበና ፊቱ ቀላ፤ «ሊቀ መንበሩ ሃያ ደቂቃ ዘግይተው ደረሱ» ይላል።

«ይህ መጻፍ ነበረበት?»

«የሆነውን ነው የጻፍኩት» አለች ቨርና። «የሚቃወም እጁን ያውጣ።»

አንድም እጅ አልወጣም።