«ስለ ማርያም» ያለው ተማሪ

የእጅ ጽሑፌ መጥፎ ነው፣ ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍሁምና ይቅር በሉኝ።

አንድ ቀን በራችን ላይ ለምድ የለበሰ የቆሎ ተማሪ «ስለ ማርያም» እያለ ለመነ። ቁራሽ ይዤ ስወጣ ከጦሩ የጠፉ ወታደሮችን የሚፈልጉ ሁለት ወታደራዊ ፖሊሶች ደረሱ።

አንዱ የልጁን ክንድ ያዘና «የቆሎ ተማሪ እኮ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ነው የሚል! እቱ፣ ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

ልጁን ላብ አጠመቀው። እኔ እንግዳ ፊት ቃል አይወጣኝም። ግን ቁራሹን ለልጁ እየሰጠሁ፣ «ጋሼ፣ በየቀኑ ይመጣል። ትናንት በዜማ ሲለምን ሰፈሩን ሲያደነቁረው ነበር፤ ዛሬ ርቦት ነው» አልሁ።

ፖሊሱ ስቆ ለቀቀው።

ልጁን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ለእናቴም ያልነገርኋት ሌላ ነገር አለ፤ ወንድሜ ከጦሩ መጥፋቱን ደውሎ የነገረው ለእኔ ብቻ ነው።