ዱመርሶ የምትባለው ድምፅ

ጠዋት የደወለልኝን ልጅ "በሰው ነፍስ አትቀልድ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። መልሶ ሲደውል እያለቀሰ ነበር። ያኔም አላመንኩም። ጋሽ ማርቆስን ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቁ በር ላይ አይቼዋለሁ እኮ! የተፈታ ሬዲዮ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ግንባሩ ላይ የሰቀለውን መነጽር ሲፈልግ ነበር። ስቄበት ነው ያለፍኩት።

ቤቱ ደርሼ መጣሁ። ድንኳን ተጥሏል። እውነት ነው።

ለማታውቁት፣ ጋሽ ማርቆስ እዚሁ ዲላ፣ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ነበር። እሁድ እሁድ ደግሞ ቸርቻችን ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ጀማሪ እያለን ሁላችንም የምናውቀው ፒች ቤንድ የሚባለውን የኪቦርዱን ጎማ (ዊል) ይዞ ድምፅ ማጣመም ብቻ ነበር። እሱ እጃችንን ከዊሉ ላይ ያነሳና ልክ እንደ ባጃጅ ሹፌር ይጠይቀናል፦ "ከየት ወደ የት?"

ቀልድ እየመሰለን እንስቃለን። እሱ ግን የምሩን ነው። "ዊሉን ስትገፊ ትእዛዝ ነው የላክሽው" ይለኛል። "ወደ ፒች ከመራሽው ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ወደ ፊልተር ከመራሽው ይደምቃል። የት እንደሚደርስ ሳታውቂ አትንኪ።" መልሱን ሳንነግረው እጃችንን አይመልስልንም።

አንድ ቀን ዱመርሶ ይዞን ሄደ። የተወለደበት ነው። ቡና በተሰጣበት አልጋ ዙሪያ ሴቶች እየለቀሙ ይዘፍናሉ። አንዷን እያሳየ "ስሟት" አለን። "መጀመሪያ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። የምትንቀጠቀጠው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።" ከኪቦርዱ ጋር የመጡት ድምፆች ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። እሱ ያንን ቆርጦ ወደ ሁለተኛው ጎማ፣ ወደ ሞዱሌሽን ዊሉ መራው። ከዚያ በኋላ ሰው በእጁ ካልገፋው በቀር ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ሴቭ አደረገና ስሟን "ዱመርሶ" አላት። ቸርቻችን ለዓመታት የዘመረው በእሷ ነው።

ያጠፋኋት እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ኪቦርዱ ቆመብኝ። ስልኬ ሲቆምብኝ እንደማደርገው ፋክትሪ ሪሴት አደረግኩት፤ ለካ የተቀመጠውን ሁሉ ይሰርዛል። ሲነሳ ዱመርሶ የለችም። የቸርቻችን ኮንፈረንስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ሁለት ቀን ከሰው ተደበቅኩ። ከኳየር ልወጣም አስቤ ነበር፣ አልዋሽም። በሦስተኛው ቀን ሱቁ ሄጄ ተናዘዝኩ።

ከብየዳው ቀና እንኳ አላለም። "በል እንግዲህ እንደገና ሥራት" አለኝ። ሲቸኩል አማርኛው ወንድ ያደርገኛል።

"እኔ?"

"ጆሮ የለህም?"

እስከ ኮንፈረንሱ ድረስ ሠራኋት። መጀመሪያ መንቀጥቀጡን አበዛሁት። በቸርቹ በር ብቅ ብሎ "ይቺ ፍየል ናት" አለና ሄደ። ቀነስኩት፣ ደግሞ ሞተች። እንደገና ጨመርኩ። እሱ መንቀጥቀጡንም ድምቀቱንም ሁለቱንም ዊሉ ላይ ነበር ያደረገው። እኔ ግን ግራ እጄ ለኮርድ ስለሚያስፈልገኝ ድምቀቱን ወደ እግር ፔዳል መራሁት። የሱን ሥራ ያበላሸሁ መስሎኝ ልነግረው ፈራሁ።

ስጨርስ ሁለት ጊዜ እንድጫወታት አደረገኝ። ከዚያ ፔዳሉን አየና፦ "ድምቀቱን እግር ላይ ማን ነው ያደረገው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ይሁን" አለ። በቃ። እሁድ ራሱ ሲጫወት በኔዋ ተጫወተ፣ ከዚያም ወዲህ ሌላ አልነካም።

ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ የኳየር መሪያችን አጠገቤ ተቀመጠ። "አንቺ ሐዘን ላይ ነሽ፣ ለነገው ቀብር ከሐዋሳ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው እናምጣ?" አለኝ። እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም።

በዚህ መሃል የጋሼ ባለቤት እትዬ አስቴር ጠርታኝ ከቁልፍ መያዣው የተፈታ ፍላሽ መዳፌ ላይ አደረገች። "የድሮዋ ዱመርሶ እዚህ ውስጥ አለች" አለችኝ።

አልገባኝም። "መቼ ገለበጣት?"

"ከመጀመሪያውም ነበረች። ያኔ አንቺ ስታለቅሺ ኪሱ ውስጥ ነበረች። ስጣት ብዬ ለመንኩት። 'አሁን ከሰጠኋት ዕድሜዋን ሙሉ እኔን ትጠብቃለች' አለኝ።"

ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ በገዛ ድንኳኑ ውስጥ በሟች ተናደድኩ! ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁት፣ ምግብ አልበላ ያለኝ፣ እሱ ፍላሹን ኪሱ ውስጥ ይዞ "ይቺ ፍየል ናት" እያለኝ ነው? ከዚያ ሳቄ መጣ። ሰው ዞሮ አየኝ። ሳቁ አለቀና ለቅሶ ሆነ፣ ደግሞ ያም አለቀ።

ተነስቼ ለመሪያችን ነገርኩት። ከሐዋሳ ማንም አይመጣም። እኔ እጫወታለሁ።

ከዚያ ቀጥታ ቸርች ሄድኩ። የፔዳሉ ገመድ ላልቶ ነበር፣ በፕላስተር አሰርኩት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልምምድ አለን። የኳየር ልጆች፣ እያለቀሳችሁም ቢሆን ኑ። ማርፈድ የለም።

ጋሼ፣ ተናድጄብሃለሁ፣ ደግሞም አመሰግንሃለሁ። በሁለቱም አልደራደርም።

ፍላሹን ቦርሳዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የእጅህ ሥራ ነው፣ እጠብቀዋለሁ። ነገ ግን አልሰካውም። የምሸኝህ አንተ ባሠራኸኝ ነው።

"ከየት ወደ የት?" ላልከኝም መልስ አለኝ። ከእግሬ ወደ ድምቀቱ፣ ከእጄ ወደ መጨረሻዋ ኖታ መንቀጥቀጥ። ነገ እጄ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ድምፁ ግን እኔ ካላዘዝኩት አይንቀጠቀጥም፣ እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ደህና ሁን ጋሼ። አትጠብቀኝ፣ እኔም አልጠብቅህም። ኪቦርዱ ላይ ነኝ።