ወይና ደጋ ነን

ትናንት ከዘነበወርቅ ወደ 18 ማዞሪያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ታክሲ መንገድ ላይ ፈላ። ሾፌሩ ዳር ይዞ፣ ጋቢና የተቀመጥነውን አስወርዶ፣ ወንበሩን ገልብጦ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ላላ ሲያደርገው፣ ያ የዝገትና የትኩስ ላስቲክ ሽታ ያለው እንፋሎት ቡፍ ብሎ ፊቴን መታኝ። ሌላው ተሳፋሪ ረፈደብኝ እያለ ሲነጫነጭ፣ እኔ አስፋልት ዳር ቆሜ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ፣ በታናሽ እህቴ ቀናሁ። ዛሬም! ጉድ እኮ ነው።

አባቴ ጋሽ ደምሴ የብረታ ብረት መምህር ነበር፤ ከሥራው ቀጥሎ የሚወደው ነገር ደግሞ አንድ ጣሊያን አገሩ ሲገባ ትቷት የሄደው ቀይ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የድሮ ስፖርት መኪና ነበረች። ሰፈሩ "ቀይዋ" ይላታል፣ እናቴ ደግሞ "ጣውንቴ"። ቆንጆ ነበረች፣ ሩጫም ታውቅበታለች፣ ሙቀት ግን አትችልም፤ ትንሽ ዳገት ካየች ትፈላለች። ስለዚህ አባባ የቧንቧ ውሃ ሆዷ ውስጥ ድንጋይ ይሠራባታል ብሎ ክረምቱን ሙሉ የቆርቆሮውን ጠፈጠፍ በበርሜል እያጠራቀመ፣ በእናቴ አሮጌ ነጠላ እያጠለለ ያጠጣታል፣ እኛ በቧንቧ ውሃ እንታጠባለን። እሁድ ጠዋት ተንበርክኮ በራዲያተሯ ስስ ቆርቆሮዎች መሃል የገባውን ትንኝና ገለባ በጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ ሲያወጣላት፣ እናቴ በመስኮት ብቅ ብላ "እስቲ የልጆችህንም ጥርስ እንዲህ እይላቸው" ትለዋለች። እሱ ይስቃል፣ ብሩሹንም አያቆምም።

የሙቀቷ መለኪያ ተበላሽቶ ስለነበር አባባ ራሱ ሌላ ፈልጎ ቦታ ያገኘለት ከጋቢናው በኩል፣ ለሾፌሩ በማይታይበት ጥግ ነበር። ቁጥሮቹ ተፍቀው ነበርና በእናቴ የጥፍር ቀለም ሦስት ምልክት አደረገና ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ አላቸው፤ ከቆላ ወዲያ ያለው በረሃ ነው። እንግዲህ መርፌዋን የሚያነብለት ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። እሱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል "የት ነን?" ይላል፣ ጋቢና ያለው ሰው "ወይና ደጋ ነን!" ብሎ ይመልሳል። ቆላ ከተባለ የሞተሩን ትኩሳት ለመቀነስ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፣ እሳቱም የተሳፋሪው እግር ላይ ይወርዳል። በረሃ ከተባለ ግን ያለንበት ቆመን፣ ሞተር አጥፍተን፣ ኮፈን ከፍተን መጠበቅ ነው።

ይህን ሹመት የያዘችው እህቴ ሮማን ነበረች። እኔ በሁለት ዓመት ብበልጣትም መኪና ያጥወለውለኛል፤ አንዴ ጋቢና ተቀምጬ የሆነውን አላወራውም፤ እናቴ የወንበሩን ቆዳ ስታጥብ ዋለች። ሮማን እሁድ እሁድ ከአባባ ጋር ዞራ ስትመለስ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ እግሯ በላብ ተዘፍቆ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ትወርዳለች፤ እኔ በዚያ ላብ እንኳ ቅናት አንጀቴን ይበላኝ ነበር። እራት ላይ "ዛሬ ቆላ ሦስቴ ገባን፣ አይደል አባባ?" ስትል፣ እሱም እንደ እኩያው "ሦስቴ" ሲላት፣ እኔ ትሪውን ትቼ እነሣለሁ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ፤ አንድ ቅዳሜ ሮማን ጆሮ ደግፍ ያዛት። እሁድ ጠዋት ጉንጯ አብጦ፣ ሻሽ አስረውላት አልጋ ላይ ስታለቅስ፣ እኔ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ፣ ሎሚ አፍንጫዬ ስር ይዤ ጋቢና ገባሁ። ወደ ዘነበወርቅ ስንወርድ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፣ መርፌዋም ደጋ ላይ። "የት ነን?" ሲለኝ፣ ድምፄ እስኪሰነጠቅ ድረስ ነበር የምመልስለት፣ እሱም "ጎበዝ!" ይለኛል። ሆዴም አላጥወለወለኝም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ መርፌዋ መውጣት ጀመረች። ቆላ አልኩት፣ ማሞቂያውን ከፈተው፣ እግሬ ተቃጠለ። 18 ማዞሪያ ሊታየን ትንሽ ሲቀር መርፌዋ የመጨረሻውን የጥፍር ቀለም አልፋ ሄደች። በረሃ ካልኩ እዚያው ባሕር ዛፉ ስር እንቆማለን፤ ማዞሪያው ጋ ደግሞ እሁድ ስለሆነ የትምህርት ቤቴ ልጆች በሙሉ ቆመዋል፣ ሮማንን ሁልጊዜ የሚያዩአት እነሱ እኔን አንድ ቀን ሳያዩኝ ሊቀሩ ነው። "የት ነን?" አለኝ። "ወይና ደጋ ነን" አልኩት። አየሩን አሽተት አሽተት አድርጎ፣ "እርግጠኛ ነሽ ልጄ?" አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል፣ "አዎ፣ ወይና ደጋ ነን" አልኩት። አመነኝና ነዳ።

ማዞሪያውን ግማሽ ዞረናል፣ እጄንም እያውለበለብኩ ነው፣ ከፊታችን ነጭ ጭስ ተነሥቶ መስተዋቱን ሸፈነው፣ ሞተሩም ቋ ብሎ ቆመ። እንዲያዩኝ የፈለግኳቸው ሁሉ አዩኝ፣ ቤት ድረስም እየሳቁ የገፉን እነሱ ናቸው። አባባ ከመውረዱ በፊት ወደ እኔ አዘንብሎ መርፌዋን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። አልተቆጣም። ለእናቴ "ውሃ ሳልጨምርላት ወጥቼ፣ የእኔ ጥፋት ነው" አላት፤ እሷም "ጣውንቴን ገደልክልኝ?" ብላ ሳቀች፣ ፊቱን ስታይ ግን ተወችው። መካኒኩ የሞተሩ ክዳን ከሙቀቱ ብዛት ጠሟል፣ መለዋወጫውም አገር ውስጥ የለም አለ። ሁለት ክረምት ሸራ ለብሳ ከቆመች በኋላ በጭነት መኪና ተጎትታ ሄደች። አባባ ያን ቀን ከቤት አልወጣም።

መኪናዋስ ትሂድ፣ ብረት ናት። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ከዚያች እሁድ ጀምሮ አባባ "በሩ ተዘግቷል?" ብሎኝ "አዎ" ካልኩት፣ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ሄዶ ያየዋል። ሮማን "አዎ" ካለችው ግን ጋዜጣውን ያነባል። አንድም ቀን አልወቀሰኝም፣ ለማንም አልነገረብኝም፤ ብቻ ሄዶ ያያል። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ሳድግ ይተወዋል፣ ይረሳዋል ብዬ ስጠብቅ አገባሁ፣ ወለድኩ።

በመጨረሻ ሲደክም እኔው ቤት ነበር። ሦስት ዓመት ያጠብኩት እኔ፣ ያጎረስኩት እኔ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሮማን ከዓለም ባንክ ሰፈር የምትመጣው እሁድ እሁድ ነው፣ ሙዝ ይዛ። አንድ እሁድ እሷ ጫማዋን እያወለቀች፣ እኔ ኪኒኑን መዳፉ ላይ አድርጌ "ይሄ የጠዋቱ ነው አባባ" አልኩት። ኪኒኑን እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ።

"ነው እንዴ ሮማንዬ?"

መድኃኒቱ የቱ እንደሆነ እንኳ አታውቅም። "አዎ አባባ" አለችው። ዋጠው።