የአባቴ ጥቁር ጠጠሮች

አባቴ ቼዝ ሲጫወቱ ጥቁር መሆን ይወዱ ነበር። ነጭ ሲደርሳቸው እንደ ልጅ ያኮርፋሉ። የሚወዱት አጀማመር የፈረንሳይ መከላከያ የሚባለው ነው፤ ወታደሮቹን አጥር አድርጎ ነጭ እስኪደክመው መጠበቅ። አንዱ ጳጳስ ከራሱ ወታደሮች ጀርባ ታስሮ ይቀራል፤ እሳቸው ግን ግድ የላቸውም። እኔንም ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው።

ፒኜቶ ሰፈር ባለው የቼዝ ክበባችን ውድድር ላይ እጣ እኔንና እሳቸውን አገናኘን። የክበቡ ኃላፊ ቀደም ብሎ ጠርቶኝ በጣሊያንኛው፣ «አሎራ፣ እንግዲህ፣ አባትሽ ሰሞኑን ጨዋታ እያቋረጡ ይሄዳሉ። ይህንንም ካልጨረሱ ከእንግዲህ አላስገባቸውም» አለኝ። በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ። ግን እውነቱን ነው። አባቴ መርሳት ከጀመሩ ወዲህ ከቤት የሚያስወጣቸው ይህ ክበብ ብቻ ነበር። እሱም ከቀረባቸው አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደሚውሉ አውቃለሁ።

ነጭ ለእኔ ደረሰኝ። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች እጃቸው አልረሳቸውም፤ ወታደር፣ ወታደር፣ ፈረስ። ልቤ ትንሽ አረፈ። እኔም ፈረሴን አውጥቼ የጨዋታውን ሰዓት ተጫንኩ። እሳቸው ቦርዱን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ከወንበሩ ላይ ኮታቸውን መፈለግ ጀመሩ። አምላኬ፣ ዛሬ ብቻ እንዳይነሡ።

«አባባ፣ ተራው የእርስዎ ነው» አልኳቸው።

እጃቸውን ሰደዱና የእኔን ነጭ ጳጳስ አንሥተው አወጡት።

ኃላፊው ሌላ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ ነበር። ትንፍሽ ሳልል የእሳቸውን ጥቁር ወታደር ገፋሁ። እንዲሁ ቀጠልን፤ እሳቸው በእኔ ነጭ፣ እኔ በእሳቸው ጥቁር። ኃላፊው ቀና ባለ ቁጥር እጄን ከጥቁሮቹ ላይ አነሣለሁ። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን የተከላከሉበትን አጥር ያለ ርኅራኄ አፈረሱት። ጥቁሩ ጳጳሴ እንደታሰረ ንጉሤ መግቢያ አጣ።

ኃላፊው መጥቶ ቦርዱን አየና፣ «ጨረሱ ማለት ነው? ቫ ቤኔ፣ ጥሩ ነው፣ ለሚቀጥለውም ይምጡ» ብሎኝ አለፈ።

አባቴ እጄን ጨበጡኝ። ፊታቸው እንዲህ ከፈካ ቆይቷል።

«ጎበዝ ነሽ፤ ግን ይህን መከላከያ ተዪው» አሉኝ። «ልጄም እሱኑ ነው የምትጫወተው፤ ከእኔ ተምራ። አንድ ቀን ይዣት እመጣና ትገጥሚያታለሽ።»