ያልተመለሰው ሳህን

የእናቴ በር ሰንሰለት ሲንቃጨል እስካሁን ያ ቀን ይመጣብኛል። አሌክሳንድሪያ ያለው አፓርታማዋ ሄጄ ሳንኳኳ፣ ድምፄን እየሰማች እንኳ፣ ከውስጥ ሆና "ስልክ ደውዪ" ትለኛለች። ደውዬ "እኔ ነኝ" ካላልኳት አትከፍትም። ሰው ሲሰማ ይስቃል። እኔ ምኑን እስቃለሁ? ያስተማርኳት እኔው ነኛ!

ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርን፤ ዲቪ ደርሶን ከመጣን ዓመት አልሞላንም። አስራ አምስት ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛውን ቶሎ ስለለቀምኩ የቤቱ አዛዥ ሆኛለሁ። እናቴ ሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር። አንድ ቀን አውቶቡስ ስትጠብቅ አንድ ጎረምሳ መደወል እንደቸገረው በምልክት አሳያት። ስልኳን በሁለት እጇ ሰጠችው፤ ይዞ እብስ! የሚገርምህ እሱ አይደለም። "ሊመልስልኝ ይመጣል" ብላ ሁለት አውቶቡስ አሳልፋ ቆማ ጠበቀችው።

"ኧረ እማዬ፣ ፋራ አትሁኚ!" ብዬ ጮህኩባት። እንደ ተማሪ አቁሜ ሕግ አስጠናኋት። ስልክ ለማንም አትስጪ፤ መንገድ ላይ ማንንም ሰላም አትበዪ፤ በር ቢንኳኳ አትክፈቺ።

"ጎረቤትም ቢሆን?" አለችኝ።

"ማንም ቢሆን።"

ጎረቤት ያለችው ፊት ለፊታችን የሚኖሩትን የኤል ሳልቫዶር አሮጊት ነው። ሁለቱ አንድ ቃል አይግባቡም፤ ግን ዳር ዳሩ ሰማያዊ የሆነ አንድ ሳህን ይቀባበሉ ነበር። እሳቸው አይብ የተሸጎጠበት የበቆሎ ቂጣ ይልካሉ፤ እናቴ በዚያው ሳህን ድፎ ዳቦ ቆርሳ ትመልሳለች። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። ኮሪደሩ ሁሌ የተጠበሰ በቆሎ ይሸት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ትምህርት ቤት ሳለሁ ኮል አደረገችኝ። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"በር እየተንኳኳ ነው። በቀዳዳዋ አየኋቸው፤ ጎረቤታችን ናቸው። እያለቀሱ ነው።"

"ብቻቸውን ናቸው?"

"እንጃ። ሌላ ሰው አይታየኝም።"

"ሌባ ከጎን ቆሞ ቢሆንስ? አትክፈቺ!"

"ኧረ በእመቤቴ! ያለቅሳሉ እኮ ነው የምልሽ!"

"አትክፈቺ አልኩሽ!" ብዬ ዘጋሁባት። ክላስ ረፍዶብኝ ነበር።

ቤት ስደርስ አሮጊቷ በራችን ስር መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ደምቷል፤ ልጃቸው በመሐረብ ያስርላቸዋል። ሌቦች ደረጃው ላይ ገፍትረዋቸው ቦርሳቸውን ነጥቀዋቸዋል። የቤታቸው ቁልፍ ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ የሚገቡበት አጥተው ነው የኛን በር ያንኳኩት። ልጁ ቀና ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤

"እናትሽ ቤት አልነበረችም?"

"አልነበረችም" አልኩት፤ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ይሄኔ ከበሩ ኋላ ሰንሰለቱ ተንቃጨለ። ድምፄን ሰምታ ኖሯል። እናቴ በብርጭቆ ውሃ ይዛ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ብቅ አለች። አሮጊቷ ውሃውን አዩት፤ እሷን አዩአት፤ ፊታቸውን አዞሩ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ወሩ ሳያልቅ ልጃቸው ይዟቸው ሄደ፤ የት እንደሆነ አልነገሩንም። እናቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ቤቷ ያጠብኩትን ዕቃ ስደረድርላት ያ ዳሩ ሰማያዊ ሳህን ከቁም ሳጥኑ ጥግ እጄ ገባ።

"እማዬ፣ ይሄን እስካሁን አልጣልሽውም?"

"የሰው ዕቃ ይጣላል እንዴ?" አለችኝ፤ ተቀብላኝ በቀሚሷ ጫፍ እየወለወለች። "ተራው የኔ ነበር።"