ሰይድ ያነበበው ታሪክ

ልጄ ስልኳ ላይ ጌም ስትጫወት የጌሙን ገጸ ባሕርያት ንግግር ሳታነብ ታልፋለች። ሳያት መካነ ሰላም ከተማ ልጅ ሳለሁ የምጫወትበት የጋሽ እንድሪስ ኮምፒውተር ቤት፣ ከእርጥብ ጋቢ ሽታው ጋር ትዝ ይለኛል።

እኔ እዚያ ሁላችንም በምንጫወተው የኦንላይን ጌም ሃምሳኛ ሌቭል ደርሼ የወርቅ ሰይፍ ነበረኝ። ጓደኛዬ ሰይድ ገና ዘጠነኛ ነበር፤ ግን የጌሙን ታሪክ ከእንግሊዝኛው እያነበበ በአማርኛ ስለሚተርክ ልጆቹ ሁሉ እሱን ከበው ይቆሙ ነበር። አንድ ቀን "ሰይፌን እዩልኝ" ስል ማንም አልዞረም። ጋሽ እንድሪስ ብቻ ቀና ብለው፣ "ሰይፍህስ ማለፊያ ነው፤ ለማን ብለህ ነው የምትዋጋው?" አሉኝ።

ሰይድ፣ "ልጇ ለጠፋባት ሴትዮ ነዋ" አለ።

እኔ ጌሙ ውስጥ ያለችውን የዚያችን ሴትዮ ንግግር ዘልዬ ሽልማቷን ብቻ ወስጄ ነበር። በሰይድ ቀንቼ ጌሙን ትቼ ወጣሁ።

ዛሬም ሰይድን መንገድ ላይ ሳገኘው፣ ሴትዮዋ ልጇን አግኝታ እንደሆነ ልጠይቀው እልና ሰላም ብዬው አልፋለሁ።